ለቀጭኗ ስልክ የሰፋሁላት ልብስ

ሰኔ 4፣ ረቡዕ

አያት ልሆን ነው! አያት! ሰላምታው ይቆየኝ። ቀኑንም የጻፍኩት እጄ ስለለመደ ነው እንጂ ዛሬ ምን ቀን ነው ብትሉኝ አላውቀውም። አያት ልሆን ነው!

እሺ። ተቀመጥኩ። ከመጀመሪያው ልጀምር።

ልጄ ሳትነግረኝ ከተፍ አለች። የሱቁ በር ላይ ቆማ «እማ፣ ልኬን ውሰጂልኝ» አለችኝ። ቀሚስ የምታሰፋ መስሎኝ ሜትሬን ከአንገቴ አውርጄ ወገቧን ልለካ ስል፣ ሜትሩ እንደ ድሮው አልዞር አለኝ። ቀና ብዬ ሳያት ከንፈሯን ነክሳ ትስቃለች። ሜትሩ ከእጄ ወደቀ። ካውያ ጮኸች። ካውያ የምላት አብራኝ የምትሠራዋን ሴት ነው፤ ልብስ የምትተኩስ እሷ ናት፣ ቁጣዋም ቶሎ ስለሚግል ስሙ በዚያው ቀረላት። ጩኸቷን ሰምቶ ጎረቤታችን፣ ሰዓትና ሞባይል የሚጠግነው ሰውዬ፣ ማጉያ መነጽሩን አንድ ዓይኑ ላይ እንደሰካ እየሮጠ መጣ። «ምን ተቃጠለ?» ይላል። «እኔ ነኝ የተቃጠልኩት፣ በደስታ!» አልኩት።

ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። እስከ ዛሬ ለምን ደበቅሽኝ ብዬ አልተቆጣሁም። ያለፈው ጊዜ አልጠፋኝም። ያኔ ቀድመን ፈነጠዝን፣ እኔም ቀድሜ ትንንሽ ልብስ ሰፋሁ፣ ልብሱም ሳይለበስ ቀረ። ስለዚህ አቀፍኳትና ዝም አልኩ። እኔ ዝም ማለቴን ካውያ እስካሁን አላመነችም።

ማታ ራት ላይ ግን ልጄ ሌላ ነገር አመጣች።

«ለመውለድ አንቺ ጋ ነው የምመጣው፤ ሐኪሟም ተስማምታለች።»

ተነስቼ ልስማት ስል እጇን ዘረጋች። «ቆይ እማ፣ አልጨረስኩም። አክስቴም እንድትኖር እፈልጋለሁ። ሁለታችሁ ናችሁ ያሳደጋችሁኝ። አንዷ በፊት በር ስትገባ አንዷ በጓሮ የምትወጣበት ቤት ግን አልወልድም። ሐምሌ ከማለቁ በፊት ካልታረቃችሁ አማቴ ቤት እወልዳለሁ።»

«አማትሽ ደግ ሴት ናቸው» አልኩ።

«በጣም ደግ ናቸው» አለችና ሳህኑን ማንሳት ጀመረች።

ሰኔ 5፣ ሐሙስ

ልጄ በጠዋቱ አውቶቡስ ተመለሰች። ስጦታ ትታልኝ ሄዳለች፤ አዲስ ሞባይል።

ቀጭን ናት። ቀጭን ስል እንዲሁ አይደለም፤ ዕድሜ ልኬን ጨርቅ በጣቴ አሽቼ ውፍረቱን የምናገር ሰው ነኝ። የኮት ኮሌታ ከነገበሩ ከሷ ይወፍራል። ፊቷም ጀርባዋም መስታወት ነው። መብራት ስር ሲያዟት ከጥቁር ወደ ሰማያዊ ትለወጣለች፣ እንደ ሐር። እንደ ሐርም ታዳልጣለች። ጭኔ ላይ አኖራታለሁ፣ መሬት ላይ አገኛታለሁ። የሠራት ሰው ውበቷን አሰበ እንጂ አያያዟን አላሰበም። ኪስ የሌለው ቀሚስ ማለት ናት፤ መስታወት ፊት ሲቆሙበት ግሩም ነው፣ መንገድ ሲወጡበት ግን እጅ የሚገባበት የለውም።

ልጄ አንድ ነገር አሳይታኛለች። ጎኗ ላይ ቀጭን መጫኛ አለች። እሷን ጫን አድርጎ መያዝ ነው፤ ስክሪን ሳይነኩ፣ ቁጥር ሳይፈልጉ በራሷ ትደውላለች፣ ድምፁም ጮክ ይላል። «ብትወድቂ፣ ወገብሽ ቢይዝሽ፣ ይሄን መጫን ብቻ ነው። ቁጥሩን አስገብቼልሻለሁ» አለችኝ። ወገቤን እንኳ አልረሳችውም፣ የኔ ልጅ።

አሁን ስለ ያቺ ሴትዮ። ያቺ ሴትዮ ታላቅ እህቴ ናት። ይህን ሱቅ አብረን ነው የከፈትነው፤ ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ መቀስ። አንድ ቀን ተነስታ «ሰው ከእንግዲህ ልብስ አያሰፋም፣ ዝግጁ ልብስ እንሽጥ» አለች። እኔ «የሰው ትከሻ በፋብሪካ ልክ አልተሠራም» አልኩ። «እንግዲያው ከመርፌሽ ጋር ኑሪ» ብላ ከገበያው ጀርባ የራሷን ሱቅ ከፈተች። ይህም ይሁን። የእናታችንን ትልቁን መቀስ ግን ይዛ ሄደች! ዝግጁ ልብስ የምትሸጥ ሴት መቀስ ምን ይሠራላታል? ይኸው ሦስት ዓመት አልተነጋገርንም። እሷ አልናፈቀችኝም። የናፈቀኝ መቀሱ ነው።

ሰኔ 7፣ ቅዳሜ

ቸኩያለሁ። ሞባይሏ ዛሬም ወደቀች። አልተሰበረችም። ካውያ «ወድቃ ወድቃ ትለምደዋለች» አለች።

ሰኔ 11፣ ረቡዕ

የዛሬውን ጉድ ሳልጽፍ አልተኛም።

መጀመሪያ ነገር፣ ይቺ ሞባይል አታውቀኝም። ጣትሽን አስነኪኝ ትላለች፣ አስነካታለሁ፣ አላወቅሁሽም ትላለች። ጣቴን መርፌ አደንድኖት አሻራ እንዳልተወልኝ ማን ይንገራት። ሁለተኛ፣ ጀርባዋ ላይ ለፎቶው ሲባል ጉብ ያለ ነገር አለ፤ ጠረጴዛ ላይ አጋድሜ ስነካት እግሩ እንዳጠረ ወንበር ትወዛወዛለች። ሦስተኛ፣ በጣም ስለሳሳች ጆሮዬ ላይ ሳደርጋት ጉንጬ ይነካትና ወሬው ሳያልቅ ይቋረጣል። ልጄ «እማ፣ እየዘጋሽብኝ ነው» ትላለች። እኔ በሰው ላይ ስልክ የምዘጋ ሰው ነኝ? ሰዎች ናቸው እኔ ላይ የሚዘጉት።

ትልቁ ጉድ ግን ከሰዓት በኋላ መጣ። ካውያ መተኮሻው ላይ ሱሪ ዘርግታለች። እኔ ሞባይሌን አጥቼ ሱቁን አተራምሳለሁ። ካውያ ካውያውን አንስታ ልታሳርፍ ስትል ሱሪው ጠራ። ሱሪው! ካውያ ወደ ኋላ ዘለለች። ለካ ቀጭኗ ከስሩ ተኝታለች፣ ጨርቁን ከፍ እንኳ ሳታደርገው። የደወለችው ልጄ ናት፤ ያዳነቻትም እሷው።

«ለዚች እቃ ልብስ ስፊላት» አለች ካውያ፣ ደረቷን ይዛ። «ራቁቷን ሆና ነው የምትጠፋው።»

እውነቷን ነው።

ሰኔ 14፣ ቅዳሜ

ሰፋሁላት! ከጥቁር ጋባርዲን፣ ውስጡን በለስላሳ ገበር፣ ከነማንገቻው። የሞባይል ቦርሳ ከሱቅ ገዝቶ ማንጠልጠል ለኔ ነውር ነው። ልኳን በሜትር ወሰድኩ፣ ለስፌት ብቻ ተውኩ፣ ለሌላ ለምንም አልተውኩም። ሰውነቷን ይዟት ቁጭ አለ፤ እንደ ሙሽራ ቀሚስ። ጨርቁ እንዳይረግብ ጎኑን ከውስጥ ደርቤ ጠንካራ እጥፋት አደረግሁበት። ከሜትሬ ጋር አንገቴ ላይ ነው የምትውለው። ስሠራ ጎንበስ ስል በጠረጴዛው ጠርዝና በደረቴ መሐል ጥብቅ ብላ ትቀመጣለች፤ የትም አትሄድም።

ካውያ ዞር ዞር አድርጋ አየቻትና «ትንፋሽ የላትም፣ አላጠበብሽባትም?» አለች። ልብስ ተኳሽ ስለ ልክ ምን ያውቃል።

ሰኔ 18፣ ረቡዕ

ዝናቡ ጀመረ። ዛሬ ከገበያው ጀርባ ክር ልገዛ ሄጄ ነበር። ክር በእኛ መንገድም ይሸጣል፤ ግን መራመድ ለወገብ ጥሩ ነው ይላሉ። ጥጉ ላይ ስደርስ ዝናቡ በረታና ተመለስኩ። ያቺ ሴትዮ በሯ ላይ ሸሚዝ ስትሰቅል በሩቁ አየኋት። ትከሻዋ ጎበጥ ብሏል።

ተመልሼ ለካውያ ቀኑን ሙሉ አወራሁላት። «ትከሻዋ ጎበጠ! ዝግጁ ልብስ ሲሰቅሉ ሲያወርዱ መዋል እንዲህ ያደርጋል! ቁጭ ብላ ብትሰፋ ኖሮ!» ካውያ «አንቺስ ቁጭ ብለሽ ስትሰፊ እግርሽ ቀዘቀዘ አይደል ጠዋት ያልሽኝ?» አለች። እውነት ነው፣ በበሩ ስር የሚገባው ንፋስ ቁርጭምጭሚቴን ሊቆርጠው ነው።

ሰኔ 20፣ ዓርብ

ተዓምር። ጠዋት ሱቁን ልከፍት ስል የበሩ እጀታ ላይ ፌስታል ታስሯል። ውስጡ ወፍራም የሱፍ ካልሲ፣ በልኬ! የፋብሪካ ነው፤ ቢሆንም ይሞቃል።

ካውያ ካልሲውን ገልብጣ አየችና «አፍቃሪ አለሽ» አለች።

«በዚህ ዕድሜዬ!»

«በዚህ ዕድሜሽ ነዋ እግርሽ የሚቀዘቅዘው። በሃያ ዓመትሽ ማን ካልሲ ይሰጥሽ ነበር?» ከዚያ በአገጯ ወደ ግድግዳው፣ ወደ ጎረቤታችን ጠቆመች። ሚስቱ ከሞተች ቆይቷል። ከግድግዳው ማዶ ሆኖ ሁሉን ይሰማል፣ ግድግዳው ስስ ነው።

የማይሆን ነገር። ካልሲውን ግን አድርጌዋለሁ።

ሰኔ 25፣ ረቡዕ

ቀጭኗ እስከ ቀትር እንኳ መቆየት አቃታት፤ ባትሪዋ ያልቃል። ጎረቤታችን ጋ ወሰድኳት። (ጉትቻ ያደረግሁት ለሱ አይደለም፣ ሳጥን ሳጸዳ አግኝቼው ነው።)

«ይቺን የሚያክል ሆድ ውስጥ ስንት ይገባል?» አለ። «ሲያቀጥኗት ባትሪዋንም አቀጠኑት። አንቺ ደግሞ ብዙ ታወሪባታለሽ።»

«እኔ? ከልጄ ጋር ማታ ማታ ብቻ ነው!»

የጥሪውን ዝርዝር በጣቱ ወደ ታች ሳበው፣ ሳበው። «ቀን ቀንም ረጃጅም ጥሪ አለ። ሁሉም ወደ አንድ ቁጥር።»

«የልጄ ነው፣ የሌላ የማን ይሆናል። ምናልባት ሰዓቷ ተዛብቶ ይሆናል፣ የማታውን ቀን እያለች።»

ቁጥሩን አየ። እኔን አየኝ። ከዚያ ያን መነጽሩን ዓይኑ ላይ መልሶ ሰክቶ ፈገግ አለ። «በሽታ የለባትም» አለ። «እንዲያውም በጣም ደህና ናት።» የአገልግሎት ብሎ ምንም አልተቀበለኝም።

ካውያ ይህን ስነግራት መተኮሷን አቁማ «አላልኩሽም?» አለች።

ሰኔ 28፣ ቅዳሜ

ትልቅ ሥራ መጣ! የትምህርት ቤቱ የዘፋኞች ቡድን ረጃጅም ቀሚስ አዘዘን፣ ለስምንት ሴቶች፣ ወይን ጠጅ ከፋይ። ከፋይ! ስንት ጊዜዬ ነው ያን ጨርቅ ከነካሁ። በእጄ ወደ ታች ስዳብሰው እንደ ድመት ይተኛል፣ ወደ ላይ ስዳብሰው ፀጉሩ ቆሞ ይጠቁራል። ከሐምሌ አጋማሽ በኋላ ይፈልጉታል። ጨርቁን ያመጡት እነሱ ናቸው፤ ልክክ ያለ ነው፣ አንድ ስህተት አይችልም።

አንድ እንግዳ ነገር። ለካውያ ስለ አንዲት ደንበኛችን ስነግራት (ሆዷን ወደ ውስጥ ስባ ልክ የሰጠችው፣ ቀሚሷን ለብሳ ስትተነፍስ ዚፑ የተበጠሰው) ሱቁ ውስጥ ሰው ሳቀ። ካውያ አይደለችም፤ መርፌ በከንፈሯ ይዛ ነበር። በአፍንጫ የሚጀምር፣ ታፍኖ የሚቆም ሳቅ ነው። እንደዚያ የሚስቅ ሰው አውቅ ነበር።

ካውያ «አይጥ ነው» አለች። አይጥ ይስቃል?

ሐምሌ 3፣ ሐሙስ

ልጄ ደወለች። እግሯ አብጧል፤ ሐኪሟ የተለመደ ነው ብላታለች። የተለመደ! እኔ እዚህ ሆኜ የሷን እግር ማን ከፍ ያደርግላታል? አማቷ ደግ ሴት ናቸው። ደግ ናቸው፣ ደግ ናቸው። ለምንድነው ይህን ደግነታቸውን ሁሌ የምጽፈው?

«ታረቃችሁ?» አለችኝ።

«እየተቃረብን ነው» አልኩ። ውሸት አይደለም። ትናንትም እስከ ጥጉ ሄጃለሁ።

ለምን ጥጉን አላልፍም? እግሬ እዚያ ሲደርስ ይቆማል። ገብቼ ምን እላለሁ? «ልጃችን ስላዘዘችኝ ነው የመጣሁት» ብል ትስቅብኛለች። «መቀሴን ስጪኝ» ብል ትሰጠኝና ያልቃል።

ሐምሌ 8፣ ማክሰኞ

የወይን ጠጁን ከፋይ የሚመስል ክር ከተማውን ዞሬ አጣሁ። ያገኘሁት ሁሉ ወይ ይቀላል ወይ ይጠቁራል። ሳምንቱን ሙሉ ስነጫነጭ ሰነበትኩ። ዛሬ ጠዋት እጀታው ላይ ፌስታል! ውስጡ አራት ጥቅል ክር። ከፋዩ ላይ ሳስተኛው ጠፋብኝ፣ እንደዚያ ተመሳሰለ።

ቀጥ ብዬ ጎረቤታችን ጋ ሄድኩ። ጉትቻዬን አድርጌ ነበር። «ክሩ ደርሶኛል» አልኩት፣ ዝግ ባለ ድምፅ።

«የምን ክር?»

«ካልሲውም ይሞቃል።»

ሰውዬው ጆሮው ቀላ። «እመቤት፣ እኔ ካልሲ የሚባል ነገር...» ብሎ የያዘውን የሰዓት ዘንግ ጣለው። ሁለታችንም መሬት ላይ ተንበርክከን ስንፈልግ ቆየን። ያገኘሁት እኔ ነኝ። እሱ ካልሆነ ታዲያ ማነው? ለዓይን ልክ የሆነ ቀለም መምረጥ የሚችል ሰው በዚህ ከተማ ጥቂት ነው።

ሐምሌ 12፣ ቅዳሜ

ዝናብ። ካውያ አልመጣችም፣ ጥርሷን አሟት። ብቻዬን ቆረጥኩ፣ ብቻዬን ለካሁ። ብቻዬን ስሆን አፌ አያርፍም፤ ለከፋዩ አወራሁለት። ሐምሌ ሊጋመስ ነው አልኩት። ስለ ልጄ፣ ስለዚያ ሳይለበስ ስለቀረው ትንሽ ልብስ ነገርኩት፤ ያኔ አብራኝ ስታለቅስ ስላደረችው ሰውም። ሌላም አልኩት። ምን እንዳልኩ አልጽፍም።

ሐምሌ 14፣ ሰኞ

እየሳቅሁ ይሁን እያለቀስሁ እንደምጽፍ አላውቅም። በደንብ ልጻፈው፣ አንዲት ነገር እንዳትቀር።

ሰባቱን ቀሚስ ቆርጠናል። ለስምንተኛው የቀረን ጨርቅ አይበቃም። የቀሚሱ ቁራጮች ከላይ ጠባብ ከታች ሰፊ ናቸው። ትክ ብዬ አየሁትና ለካውያ «አንዱን ቁራጭ ሽቅብ አንዱን ቁልቁል አዘቅዝቀን ብናስቀምጣቸው ይበቃል» አልኳት።

«ፀጉሩስ?»

«ማን ያየዋል? ሲዘፍኑ ሰው የሚያየው አፋቸውን ነው።»

የፀጉሩ ነገር ጠፍቶኝ አይደለም። ሐሳቤ ልጄ ጋ ነበር፣ በዚያ ላይ ጊዜው ሄዷል። በጠመኔዬ አሰመርኩ። መቀሱን ከፈትኩ። ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ አልኩ።

«እንዳትቆርጪ!»

ድምፁ የወጣው ከደረቴ ነው። ከራሴ ደረት! መቀሱን ለቀቅሁት። ካውያ የጋለውን ካውያ እንደ ጋሻ ከፊቷ ይዛ ግድግዳው ላይ ተለጠፈች።

«ከፋይ ተዘቅዝቆ ይቆረጣል? አብደሻል? መድረክ ላይ መብራት ሲያርፍባት ልጅቷ ግማሿ ወይን ጠጅ ግማሿ ጥቁር ልትሆን! እናታችን ስንቴ ነው እጃችንን የመታችን?»

ያን ድምፅ በእንቅልፌም አውቀዋለሁ።

«እትዬ?» አልኩ።

«እ።»

«የት ነሽ?»

«ሱቄ ነኛ! የት እሆናለሁ?»

«ታዲያ ደረቴ ውስጥ ምን ትሠሪያለሽ?»

ካውያ ናት የገባት። መጥታ ቀጭኗን ከነልብሷ ከአንገቴ አነሳችና ጎኗን ዳሰሰች። ያ የደረብኩት ጠንካራ እጥፋት ልክ መጫኛዋ ላይ አርፏል። ጎንበስ ባልኩ ቁጥር ጠረጴዛው ይጫነዋል፣ እሷም ትደውላለች፤ የጥሪውን ድምፅ ደግሞ የስፌት መኪናው ይውጠዋል። ልጄ ያስገባችው ቁጥር ደግሞ የሷ አይደለም። የእትዬ ነው!

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምትሰሚኝ?» አልኩ።

«ልብስ ከሰፋሽላት ጀምሮ። መጀመሪያ ወድቀሽ መስሎኝ ደንግጬ ጫማዬን ሳደርግ ስለ ኮሌታ ስታወሪ ሰማሁሽ። ዘጋሁት። ደግሞ ደወለ። በሦስተኛው አልዘጋሁትም። ሬዲዮኔን ነው የዘጋሁት።»

«ትከሻዋ ጎበጠ ያልኩትንም?»

«ሰምቻለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቀጥ ብዬ ነው የምሄደው።»

«ካልሲው! ክሩ! አንቺ ነሽ?»

«ሌላ ማን ይሆናል፣ ያ ምስኪን የሰዓት ሰውዬ? ከፋዩን ከሻጩ ጋ አይቼ፣ ክሩን ሦስት መንደር ዞሬ ነው ያገኘሁት። ጉትቻውን ለሱ አላደረግሁም እያልሽ ስትምዪ... ኧረ ሴትዮ!» ሳቀች። በአፍንጫዋ።

የቀረውን ለመጠየቅ ፈራሁ። «ቅዳሜም... ብቻዬን ሆኜ ለከፋዩ የነገርኩትን?»

ካውያ ካውያዋን አስቀምጣ ጆሮዋን ወደ ደረቴ አስጠጋች።

«እሱንም» አለች እትዬ፣ ድምጿ ቀጥኖ። «መቀስሽን አስቀምጪ። መጣሁ።»

ጥጉን እሷ አለፈችው።

ውሃ ሆና ገባች፣ የእናታችንን መቀስ በፎጣ ጠቅልላ በብብቷ ይዛ። እሷ በስብሳ መቀሱ ደርቋል። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፣ ቀጥታ ጠረጴዛው ጋ ሄዳ ቁራጮቹን ማንሳት ማስተኛት ጀመረች። «የአንገቱንና የእጁን የውስጥ ቅልባሽ ለምን ከከፋይ ትቆርጪዋለሽ? ከሳቲን አድርጊው፣ ማንም አያየውም። ይኸው፣ በቃሽ! እንዲያውም ይተርፍሻል።» ተረፈ። ጠመኔዬን በእጇ ጠራርጋ አጠፋች፣ አዲስ አሰመረች፣ መቀሱን ወደ እኔ አዞረችው። «ቁረጪ።»

ቆረጥኩ። ያ መቀስ ከፋይ ውስጥ ሲሄድ የሚያሰማውን ድምፅ ረስቼው ነበር።

ከዚያ ነው የተቃቀፍነው። «ወጋሽኝ!» አለች፤ ደረቴ ላይ መርፌ ሰክቼ ነበር። «ይገባሻል» አልኳት። አልተላቀቅንም። በመሐላችን ያለችው ቀጭኗ ተጫነች መሰለኝ የእትዬ ኪስ መጥራት ጀመረ። አጠገቤ ቆማ፣ አቅፌያት፣ ስልኬ ይደውልላታል! ካውያ ወለሉ ላይ ተቀምጣ እየሳቀች የታመመ ጥርሷን ያዘች።

ሐምሌ 15፣ ማክሰኞ

ለልጄ አብረን ደወልን። «እማ?» ስትል እትዬ «አክስትሽም አለች» አለች። ከወዲያ በኩል ለረጅም ጊዜ ምንም አልተሰማም፤ ጉንጬ ዘግቶባት እንደሆነ ብዬ ስክሪኑን አየሁ። አልተዘጋም። እያለቀሰች ነበር።

«የኔ ልጅ፣ ቁጥሩን አውቀሽ ነው አይደል የሷን ያስገባሽው?» አልኳት።

«ስትወድቂ ማን ቶሎ ይደርሳል ብዬ ነው እንጂ» አለች። እንዲህ ስትል ድምጿ ልክ እኔ እውነት ስደብቅ እንደሚሆነው ነው።

ጎረቤታችንንም ጠየቅሁት። «ቁጥሩን ስታየው አውቀኸዋል!» «አውቄዋለሁ። ግን አንቺ የጠየቅሽኝ ስለ ባትሪ ነው» አለ። ጉትቻው እንደሚያምርብኝም ጨመረ። ይህን ለእትዬ አልነገርኳትም፤ ግን ቀጭኗ አንገቴ ላይ ስለነበረች ሳትሰማው አትቀርም።

ሐምሌ 26፣ ቅዳሜ

ቀሚሶቹ ሄዱ። ስምንቱም አንድ ቀለም፣ አንዲቷም አልጠቆረችም። ሐምሌ ሳያልቅ ልጄም ገባች፤ ከነሆዷ፣ ከነሻንጣዋ። ባሏም ጊዜው ሲደርስ ይመጣል። እኔና እትዬ በሩ ላይ ስንጋፋ ሻንጣው ከውጭ ቀረ።

የቀጭኗን ልብስ ላስተካክል፣ ጎኑን ልከፍትላት ፈትቼው ነበር። እትዬ ከእጄ ነጠቀችኝ። «ተዪው» አለች። «ሱቄ ውስጥ ብቻዬን ምን እሰማለሁ?» እንደነበረ መልሼ ሰፋሁት። በጣም ጠባብ ነው። ልክ ነው።

ነሐሴ 10፣ ቅዳሜ

ልጄ እንቅልፍ የላትም፣ እኔም የለኝም። ያን ትንሽ ልብስ ከሳጥን አወጣሁት። ዕድለ ቢስ ነው ብዬ ልጥለው ነበር። እትዬ አየችው፣ አጥባ ተኩሳ ከሌሎቹ ጋር አስቀመጠችው።

ነሐሴ 16፣ ዓርብ

መጣች!! ሴት! ጤነኛ! እናትየውም ደህና! ቀጭኗን ሁለቴ ጣልኳት፣ ይሁን! እትዬ ኮሪደሩ ላይ የማታውቀውን ሰው ሁሉ እየሳመች ነው። ሌላ አልችልም፣ እጄ

ነሐሴ 19፣ ሰኞ

አሁን በረጋ መንፈስ ልጻፍ። ወፍራም ናት! ክንዷ ላይ እጥፋት አለ፣ አንገቷ ላይ እጥፋት አለ፣ ቁርጭምጭሚቷ ላይ እንኳ አለ። ከእጅ አታዳልጥም፣ ጭን ላይ ሲያኖሯት እዚያው ትገኛለች፣ ስትጣራ ሦስት ቤት ይሰማል፣ ባትሪዋም አያልቅም። ይቺን የሠራ እጅ እንዴት እንደምትያዝ አስቦበታል። ያ ትንሽ ልብስ ደግሞ ጠበባት! እኔና እትዬ ቁልፉን ለመቆለፍ ታግለን ታግለን፣ አልገባ ሲል ልጄ አልጋዋ ላይ ሆና እየሳቀች አለቀሰች። ጎኑን ፈትተን አሰፋነው። ዛሬ ለብሳዋለች።

ጎረቤታችን ለሕፃኗ የግድግዳ ሰዓት ይዞ መጣ። ሕፃን ሰዓት ምን ያደርግላታል? ካውያ «ለሕፃኗ አይደለም» አለች። የተሰቀለው እኔ ክፍል ነው።

ይህን መልእክት ዛሬ ለሁሉም በቀጭኗ እልካለሁ፤ በደነደነ ጣቴ ከመጻፌ በፊት እዚህ ላስተካክለው፦

«አያት ሆኛለሁ! እህቴም እኩል አያት ናት፣ እንዳትከራከሩን። የዘፋኞቹ ቡድን ከነከፋይ ቀሚሱ መጥቶ ሊዘፍንልን ቃል ገብቷል። አማቶቻችን ቤት ያላችሁ፣ ገበያው ጀርባ ያላችሁ፣ ልብስ ያሰፋችሁም ዝግጁ የገዛችሁም፣ ከእኛ ጋር የተኳረፋችሁ ካላችሁ በተለይ እናንተ፦ እኛ ቤት ማንም እንዳይቀር፣ እሁድ፣ ነሐሴ 25።»